ለጋሼ ዝቅ ያደረግነው ቅኝት

«ቤዝ እኮ ማንም ይጫወተዋል» አለ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ፣ በሬዲዮ።

በሬዲዮ! እኔ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ቤዝ ጊታሬን በጉልበቶቼ መሀል አቁሜ ወደ ልምምድ እየሄድኩ ነው። ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገና፣ «ሰውዬው ሲያወራ ግን ደስ ይላል፣ አይደል?» አለኝ። ምን ልበለው? ያ «ማንም» የተባለው ሰው ኋላህ ተቀምጧል ልበለው?

ጋዜጠኛዋ መጠየቋን ቀጠለች። የመጀመሪያው አልበማችን ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶታል፣ በስታዲየሙ ትልቅ ኮንሰርት ታስቧል፣ ታዲያ ለምን ከአዲስ ባንድ ጋር? ጋሼ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «ልጆቹ ደከሙ» አላት። «የእኔ ድምፅ ያው ነው። በሃያ ስድስት ዓመቴ የወጣሁትን ከፍታ ዛሬም እወጣዋለሁ፤ ቅንጣት አልወረደም። ያረጀው ባንዱ ነው።»

ከሥራ የተባረርኩት እንዲህ ነው። ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ፤ ከታክሲ ሬዲዮ ላይ ሰምቼ።

«እዚህ ጋ አውርደኝ» አልኩት ሾፌሩን።

«ገና ነን እኮ።»

«አውርደኝ አልኩህ!» ብዬ ጮኽኩበት፤ ምንም ያላደረገኝን ሰው። «ቱጌ» የሚል ስም የወጣልኝ በከንቱ አይደለም፤ ቱግ ለማለት ሰከንድ አይፈጅብኝም። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ለጋሼ ደወልኩ። ያነሳው ማናጀሩ ነው። «አርቲስቱ እረፍት ላይ ናቸው» አለኝ። አርቲስቱ! በአንድ አልጋ፣ እግሩን ከፊቴ ላይ እያነሳሁ አብሬው ያደግኩትን ሰውዬ! «እንግዲያው ለአርቲስቱ ንገርልኝ» አልኩት፣ «ማንም ደውሎ ነበር በላቸው።» ዘጋሁበት።

እስቲ ከሥሩ ልንገራችሁ። ቤዝን እኔ መርጬው አይደለም። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ፣ ጋሼ ሃያ አንድ፤ ከሰፈር ልጆች ጋር የሮክ ባንድ ሲያቋቁም ቤዝ የሚጫወት ጠፋ። ሁሉም ፊት መቆም ነው የሚፈልገው። «አራት ክር ብቻ ነው፣ አንተም አያቅትህም» ብሎ አንገቱ የተሰነጠቀ ቤዝ አስታቀፈኝ። የምንለማመደው ጎረቤታችን መካኒኩ ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ መኪና ሲገባ ከበሮውን ተሸክመን እንወጣለን፣ መኪናው ሲወጣ ተመልሰን እንገባለን። ጣቶቼ ውሃ ቋጠሩ፣ ፈነዱ፣ ደነደኑ። አንድ ቀን በዘፈን መሀል ክር ተበጠሰብኝና አቆምኩ። ጊታሩ አለ፣ ከበሮው አለ፤ ጋሼ ግን አፉን ከፍቶ ቀረ። ዞሮ አየኝ። ያን ቀን ነው ይሄ ሰው ያለ እኔ መዝፈን እንደማይችል የገባኝ። በአሥራ አምስት ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር ማወቅ ጥሩ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ዓመት ነው። በር የማይዘጋ ሚኒባስ፣ የፋብሪካ አዳራሽ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ሲኒማ ቤት፣ በመሀል መብራት የሚጠፋበት የትምህርት ቤት ግቢ። ሚስቴ ሁለተኛ ልጃችንን ስትወልድ መድረክ ላይ ነበርኩ፤ እስካሁን በተጣላን ቁጥር ታነሳብኛለች፣ እውነቷንም ነው። የአልበማችን ሽፋን ላይ የእኔ ግማሽ ፊት ነው ያለው፤ ግማሹን የጋሼ ፀጉር ጋርዶታል። እሱም ቢሆን ብዙ አላናደደኝም። ምክንያቱም ያ ትልቁ ዘፈናችን፣ ሕዝቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚጮኽለት፣ በቤዝ ብቻ ነው የሚጀምረው። እኔ ብቻዬን ስጫወት ጋሼ ማይኩን ይዞ ይጠብቃል። መነሻ ድምፁን የሚወስደው ከእኔ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ እዚያው ዘፈን ላይ፣ ከፍታው ጋ ሲደርስ የጋሼ ድምፅ ተሰነጠቀ። ፊት የተቀመጡት ሳቁ። መልበሻ ክፍል ገብቶ ፎጣ ፊቱ ላይ ጣለና «አበቃ፣ ከዚህ በኋላ አልዘፍንም» አለ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አንጀቴን በላኝ። በማግስቱ ሌሎቹን ሰብስቤ፣ «ሁላችንም ክራችንን ግማሽ ቶን ዝቅ እናድርግ፤ እሱ አይነገረው» አልኳቸው።

ሙዚቃ ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ክሮቹን ትንሽ ስናላላቸው የጣታችን ቦታ አይቀየርም፣ ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው፤ ግን ከላይ እስከ ታች ሁሉም አንዲት የድምፅ ደረጃ ይወርዳል፤ ግማሽ ቶን የምንለው እሷን ነው። ዘፋኙ መነሻውን ከእኔ ስለሚወስድ ሳያውቀው ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ ያ የሚያስፈራው ከፍታም ዝቅ ብሎ ይጠብቀዋል። ጊታሪስታችን፣ ከአፉ ቃል ስለማይወጣ «መነኩሴው» የምንለው፣ «ይነቃብናል» አለ። ድራመሩ «ከበሮ ምን አገባው» ብሎ ሳቀ። ጋሼ አልነቃም። የራሱን አልበም አይሰማማ! «የራሴን ድምፅ መስማት ያሳፍረኛል» ይላል፤ ይሄም አንዱ ኩራቱ ነው። በሚቀጥለው ኮንሰርት ከፍታውን እየሳቀ ወጣው። ከመድረክ እንደወረደ አንገቴን አቅፎ፣ «ለካ ጉንፋን ኖሯል!» አለኝ። ከአራት ዓመት በፊት ድምፁ እንደገና መታገል ሲጀምር ሌላ ግማሽ ቶን ጨመርንለት። አሁን ድፍን አንድ ቶን ወርደናል።

እና ይሄ ሰውዬ ነው «ቅንጣት አልወረደም» የሚለው! አልወረደም? እኛ ነን እኮ መሬቱን ያወረድንልህ! ደሜ ፈላ። ሳምንቱን ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም፤ ሚስቴ ሳህን ስታስቀምጥ ድምፅ እንዳታሰማ ትጠነቀቅ ነበር።

በሳምንቱ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ቤዝ በጀርባዋ ያዘለች ሴት ቆማለች፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። «እርስዎን ማስቸገሬ ይቅርታ» አለችኝ። «በእርስዎ ቦታ የገባሁት እኔ ነኝ። አፍሬ ነው የመጣሁት፣ ግን የእርስዎን አጨዋወት ከእርስዎ ሳልሰማ መድረክ ላይ መውጣት ከበደኝ።»

ልጠላት ፈልጌ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ እንቢ አለኝ። ሃያ አምስት ዓመት የተጫወትኩትን ሁሉ በኖታ ጽፋዋለች፣ በእርሳስ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንዲት ቦታ ከብባ የጥያቄ ምልክት አድርጋለች። «ይህቺ ሆን ተብላ ነው?»

«ስህተት ናት» አልኳት። «ስቱዲዮ ውስጥ ጣቴ አዳልጦኝ ነው። ማንም ሰምቷት አያውቅም።»

«ልጫወታት ወይስ ላርማት?»

ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በቁጣ ይሁን በሌላ እንጃ። ሁለት ሰዓት አብረን ተቀመጥን። ያለኝን ሁሉ ሰጠኋት። ልትሄድ ቤዟን አንግታ በር ላይ ቆመችና፣ «ቅኝቱ እንደ አልበሙ ነው አይደል?» አለችኝ።

እንደ አልበሙ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጋሼ ድምፅ የተሰነጠቀበት። አንዲት ቃል ብናገር ያበቃል። «አይ፣ አንድ ቶን ዝቅ» ማለት ነው። ያ «ማንም» የሚለው ቃል ግን ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ።

«እንደ አልበሙ ነው» አልኳት።

በሩን ዘጋሁ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ይውጣው እስቲ፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ የወጣውን!

ማታውኑ መነኩሴው ደወለ፤ አድራሻዬን ለመምህርቷ የሰጠው እሱ ነው። እሱ ሲደውል በዓመት አንዴ ነው። «ነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

«አንተ ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት። «አዲሱ ጊታሪስት አልጠየቀኝም፤ የወንድማማች ነገር ውስጥ ደግሞ አልገባም» አለና ዘጋው። በቅጽል ስም ሳይሆን በእውነት መነኩሴ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ኮንሰርቱ አሥር ቀን ሲቀረው እናታችን ደወለች። እማዬ ስልክ ላይ ሁልጊዜ ትጮኻለች፣ ሽቦው ሩቅ የሚሄድ ይመስላታል። ያን ቀን ግን በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«ወንድምህ አይናገርም።»

«ጉረኛ ነው፣ ተዪው።»

«ስማኝ አንተ! ሦስት ሳምንት ሙሉ በየልምምዱ ድምፁ እንቢ ብሎታል። አሁን ጭራሽ አይናገርም። በወረቀት ነው የሚጽፍልኝ። ሐኪሙ አየው፣ ምንም የለም አለ። እሱ ግን አላመነም። ነገ በመሣሪያ ሊያዩት ነው።» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «ልጄ፣ ያንን ወረቀት ሁለተኛ እንዳላይ ለምኜ ነበር እኮ።»

አባታችን አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የመነሻ ሰዓት የሚያስታውቅ ሰው ነበር። ከተማው ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል። አንድ ዓመት ድምፁ መጎርነን ጀመረ። ሐኪሙ ምንም የለም አለ። ቆይቶ ግን ካንሰር ነው አለ። ጉሮሮው ላይ ነበር። መጨረሻ ላይ መናገር ሲያቅተው በተቆረጠ ትኬት ጀርባ ላይ ይጽፍልን ነበር፤ «ውሃ»፣ «መስኮቱን ዝጉት»፣ «እናታችሁ በልታለች?»። ትኬቶቹን እየሰበሰበ የሚያነብልን ጋሼ ነበር። እኔ ማንበብ ስጀምር እንባ ስለሚቀድመኝ እሱ ነበር የሚያነበው።

እና አሁን ወንድሜ እቤቱ ተቀምጦ ሞቱን እየጠበቀ ነው። በእኔ አንዲት ቃል። ቤዜን አነሳሁና ወጣሁ። ራሴን እየሰደብኩ ነበር፣ እሱንም እየሰደብኩ ነበር። የእግረኛ መንገድ ላይ የሚያዩኝ ሰዎች ዞር ብለው አሳለፉኝ።

በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት። ዓይኗ አብጧል። «እባክህ አትጣላው» አለችኝ።

ጋሼ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ሻርፕ፣ ጭኑ ላይ ደብተር። ከስቷል። ላቅፈው ነበር የመጣሁት፤ ከአፌ የወጣው ግን «ቤዝ ማንም ይጫወተዋል፣ ሃ?» የሚል ነው። እንዲህ ነኝ እኔ።

ጻፈ። ደብተሩን ዞር አድርጎ አሳየኝ። «የአባባ በሽታ ነው።»

«አይደለም።»

«ነው። ድምፄ በአንድ ጊዜ ጠፋ» ብሎ ጻፈ።

«አልጠፋም! በአንድ ጊዜም አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። «መውረድ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጋሼ! አልታመምክም። አርጅተሃል፤ እንደ ሰው ሁሉ። እኛ ነን ስናወርድልህ የኖርነው።»

ሁሉንም ነገርኩት። ፎጣውን፣ ስብሰባውን፣ ክሮቹን፣ ሁለተኛውን ግማሽ ቶን። ለመምህርቷ የነገርኳትን ውሸትም ነገርኩት። እንደ እብድ እያየኝ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አላመነኝም። እሺ ብዬ ቤዙን ከማኅደሩ አወጣሁ፣ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ያንን መነሻ ዝቅ ባለው ቅኝት ተጫወትኩ። «ግባ» አልኩት። አልገባም። «ግባ አልኩህ!»

ገባ። ፈርቶ ገባ። ከፍታው ጋ ሲደርስ ሻርፑን በእጁ ጨመደደው፣ ድምፁ ግን ወጣ፤ ጥርት ብሎ ወጣ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ አፏን ያዘች። ወዲያው ክሮቹን አከረርኳቸው፣ እንደ አልበሙ። እንደገና ተጫወትኩ። እንደገና ዘፈነ። እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ሦስተኛ ጊዜ ዝቅ ሳደርገው መሰለኝ ያመነው፤ በመሀል እጁን አነሳና አስቆመኝ።

«ማን ማን ያውቃል?» አለ። ከብዙ ቀን በኋላ የተናገረው የመጀመሪያ ንግግር ነው።

«መነኩሴውና ድራመሩ።»

«እማዬስ?»

«አታውቅም።»

ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ጠላቴም አይሳቅ። ከዚያ ደብተሩን ወረወረብኝ፤ ትከሻዬን መታኝ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ መቃብሬን ስቆፍር! ልጆቼን ተሰናብቻለሁ እኮ! ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?»

«አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? በሬዲዮ!»

«ስለማላውቅ ነዋ! ብትነግረኝ እንዲያ እል ነበር? አገር ምድሩ ፊት አፌን ሞልቼ እንድናገር ተውከኝ። አሥራ አንድ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?»

«ላንተ ብዬ ነዋ!»

«ላንተ ብዬ አትበለኝ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እኔ ታላቅህ ነኝ፤ ስትዋሽ አውቅሃለሁ። እውነቱን ንገረኝ።»

መጀመሪያውማ ለእሱ ብዬ ነው። ያን ፎጣ አይቼ ነው። ግን ከዚያ በኋላ፣ በየመድረኩ፣ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ሲጮኽ ጀርባውን አይ ነበር። በልቤ «ጩኹለት፣ እኔ ብፈልግ አሁን አዋርደዋለሁ» እል ነበር። ይጣፍጠኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ግማሽ ፊቴን ተሸፍኜ የቆምኩት በዚያ ነው።

«ጅራፉ በእጄ ስለነበር ነው» አልኩት። «ደስ ይለኝ ነበር።»

ሚስቱ ከበሩ ላይ ጠፋች። ጋሼ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ሰጠኝ።

«ደውልላት።»

«ለማን?»

«ለመምህርቷ። ስንት ዝቅ እንደሚል ንገራት። ለሁሉም ትንገር።»

«እኔስ?»

«አንተ አትመጣም» አለ። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ደወልኩ። መምህርቷ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች። «ቅኝቱን ተሳስቼ ነው የነገርኩሽ፤ አንድ ቶን ዝቅ ነው፣ ሁሉም ዘፈን» አልኳት። ስትጽፍ የእርሳሱ ድምፅ ይሰማኛል። «ማናጀሩ ይጠይቀኛል» አለች፣ «ማን ወሰነው ልበለው?»

ጋሼ ሰምቷታል። መስኮቱን እያየ፣ «እኔ ነኝ በላት» አለ።

ደሜ እንደገና አናቴ ላይ ወጣ። ይቺንም! ይቺን እንኳ! አሥራ አንድ ዓመት ያዘልኩትን! ስድብ እስከ ከንፈሬ መጣ። ከዚያ አንገቱን አየሁት፤ ሻርፑን ፈትቶታል፣ ቆዳው ላልቷል፣ እንደ አባባ አንገት። አምሳ አንድ ዓመቱ ነው።

«እሱ ነው የወሰነው» አልኳት።

ስልኩን ዘጋሁ። አመሰግናለሁ አላለኝም፣ እኔም ይቅርታ አላልኩትም። ቤዜን ማኅደሩ ውስጥ ከተትኩ። ሚስቱ ከማድ ቤት ብቅ ብላ ምሳ ብላ አለችኝ፤ ቸኩያለሁ አልኩ። የት እንደምቸኩል እግዜር ይወቀው።

ደረጃውን ግማሽ ያህል ስወርድ ከላይ መዝፈን ጀመረ። ያንኑ ዘፈን፣ ያለ ምንም መሣሪያ። ማንም መነሻ አልሰጠውም። ቆምኩ። ተሳስቷል ብዬ፣ እንዲሳሳት ፈልጌ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና የማኅደሩን ዚፕ ከፈትኩ፤ መነሻውን ላመሳክር ክሩን በአንድ ጣት ነካ አደረግኩና ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጠፍኩ።

ልክ ነበር። ድፍን አንድ ቶን ዝቅ፣ ቅንጣት ሳይስት። ከፍታውን ወጣና አለፈው። እኔ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፣ እንደዚያ ቀንም ተናድጄ አላውቅም።